ለሁለት ሰው የሚሆን የመንገድ ዕቅድ፦ ከባሕር ዳር ወደ ስማዳ በብስክሌት

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መጥተው ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። «በብስክሌት ረጅም ጉዞ ለማድረግ አስበናል፣ አንተ ከጓደኛህ ጋር ጋይንትና ስማዳ ድረስ ሄደሃል ይባላል፣ ምን ምን መያዝ አለብን?» አሉኝ። የሚያዘውን ዕቃ ነገርኳቸውና አመስግነው ሄዱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳቸው ተሰማኝ። እኔም በጊዜው ማንንም ያልጠየቅሁትና ራሴም ያላሰብኩበት ነገር ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ጓደኛው ነበርና።

ጉዞው የተደረገው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር መግቢያ፣ በሴሚስተር እረፍት ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ የእስቴ። ሁለታችንም ባሕር ዳር ከመጣን ጀምሮ ብስክሌት እንነዳለን። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ለብስክሌት የተመቸች መሆኗን የማያውቅ የለም። ታዲያ በሜዳ የለመደ እግር ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። «በአውቶቡስ ስንት ጊዜ የተመላለስንበትን አገር አንድ ጊዜ በእግራችን ኃይል ብንሄድበትስ?» ተባባልን። ዕቅዳችን ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር አድርገን ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ አርብ ገበያ ወርደን ወገዳ፣ እናቴ ቤት፤ ከወገዳ ደግሞ በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ እሱ ቤተሰቦች ዘንድ አድርገን መመለስ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህን የምጽፈው መንገዱን ዛሬ እንድትሄዱበት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘልቆ ነበር፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀስቅሷል። በመሆኑም የመንገድ ዕቅድ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» የሚለው ነው፣ መልሱም ካርታ ላይ አይገኝም። ከታች የምጽፈው ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መንገድ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ካርታው የሚናገረውና የማይናገረው

የጂኦግራፊ ተማሪዎች ነንና ዕቅዳችንን የጀመርነው ከካርታ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣቸውን ባለ 1:50,000 ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ኮንቱር መቁጠር ያዝን። በነዚህ ካርታዎች ላይ በአንድ ኮንቱርና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። እንግዲህ በ42 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ወደ 870 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ሲካፈል በአማካይ 2 ሜትር ለ100 ሜትር ይሆናል። «ይቺማ ምን አላት!» አልን።

አማካይ ቁጥር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ከወረታ ወጥታችሁ የፎገራን ሜዳ ስታቋርጡ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ነው፣ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ። ዳገቱ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚጠብቃችሁ ወደ ዓለም በርና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ መንገድ ስታቅዱ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አታካፍሉ፣ ዳገቱ የት ላይ እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደርሱበት ጻፉ። እኛ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ያለውን 100 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ለመጨረስ አስበን ነበር። ደግነቱ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «ዓለም በርን በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ልትወጡት?» ብሎ ስለሳቀብን ወረታ ለማደር ወሰንን። ሹፌር፣ ነጋዴ፣ የቆሎ ተማሪ፣ እነዚህ ከካርታው የበለጠ ያውቃሉ። በተለይ የቆሎ ተማሪ። ጋይንት ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ እንደመሆናቸው ያንን አገር በእግሩ ያልዞረ የዜማ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሻገር፣ የት መንደር ውሻ እንደሚበዛ ሳይቀር ይነግራችኋል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፣ ኋላ የምናገረው ነገር በሱ ላይ ስለሚቆም። እኔ 58 ኪሎ እመዝን ነበር፣ ብስክሌቱ 17፣ ጭነቱ 15፣ ድምር 90 ኪሎ። 90 ኪሎን 870 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ሥራ 90 × 9.8 × 870 ሲሆን፣ ይህም ወደ 767,000 ጁል ይመጣል። ጤነኛ ወጣት ለረጅም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለውን ኃይል 100 ዋት ብንለው፣ ለማንሳቱ ብቻ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይፈጃል። የመንገዱ ሰበቃና ነፋሱ ለብቻ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ 72 ኪሎ ነው፤ ከብስክሌቱና ከጭነቱ ጋር 104። በዚያው 100 ዋት ቢሄድ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይወስድበታል። ምንም ሳይሰንፍ፣ ምንም ሳይደክም፣ በአንድ ዳገት 20 ደቂቃ ከእኔ ኋላ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ስሌት ያኔ ብሠራው ኖሮ መልሱም እዚያው ነበር። ከሱ ጭነት 7 ኪሎ ወደ እኔ ቢዛወር እኔም 97 እሱም 97 እንሆናለን። አልሠራሁትም። ጭነቱን «እኩል» ተካፈልን፣ በሚዛን ሳይቀር። እኩል መካፈል ፍትሕ መስሎን።

ዕቃው

ዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ፖምፓ፣ ፒንሳ፣ የብሎን ቁልፎች፣ የካቴና ማያያዣ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ ተጨማሪ የፍሬን ላስቲክ። ከነፋስ መውጫ በኋላ ያለው በዚያን ጊዜ ጠጠር መንገድ ነበርና የፍሬን ላስቲክ ቶሎ ያልቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ተይዞ ከተወረደ ቸርኬው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ መያዝ፣ አለዚያም ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የለም። በሶ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። ለውኃ «ውኃ አጋር» ይዘን ነበር። ውኃ ለምታፈሉ ሰዎች፣ በነፋስ መውጫ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት። መታወቂያና ከትምህርት ክፍል የተጻፈ የትብብር ደብዳቤም አትርሱ። የማያውቃችሁ ሰው መንደር በብስክሌት ስትገቡ ማን መሆናችሁን የመጠየቅ መብት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። መሣሪያው ሁሉ በአንድ ከረጢት ነበር፣ ከረጢቱም እኔ ብስክሌት ላይ። «በአንድ ቦታ ቢሆን አይጠፋም» ብዬ ያቀረብኩት ሐሳብ ነው። ለኪስ ገንዘብ ግን በየግል 600 ብር አዋጥተን እሱ እንዲይዝ ተስማማን፣ እሱ ቆጣቢ ስለሆነ። ልብ በሉ፤ መሣሪያው እኔ ዘንድ፣ ገንዘቡ እሱ ዘንድ። ሁለት ሰው እንዳይለያይ ከተፈለገ ግሩም አደረጃጀት ነው። ከተለያየ ግን አንዱ ያለ ፖምፓ፣ ሌላው ያለ ሳንቲም ይቀራል።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ከመነሳታችን በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በየማታው ዶርም ቁጭ ብለን ተዘጋጅተናል። ስለ ብስክሌቱ ሃያ ጥያቄ ሳልጠይቀው አልቀረሁም። ጎማው ስንት ጊዜ ተለጥፏል? ካቴናው መቼ ተቀየረ? ፔዳሉ ለምን ይንቋቋል? ስለ ደረቱ ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅሁትም።

ጓደኛዬ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ነበረበት። ባሕር ዳር ሙቀት ስለሆነ ብዙም አይነሳበትም፤ ሦስት ዓመት አብረን ኖረን እኔ አላውቅም ነበር። እሱም አልነገረኝም። ለምን እንዳልነገረኝ በኋላ ጠይቄው «ብነግርህ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበራ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የትምህርቱ ጉዳይ ይገባል። ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። በየ100 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ 8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ብርዱም ደረቅ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በኃይል ሲተነፈስ አስም ያለበትን ሰው የመተንፈሻ ቱቦ ያጠብበዋል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ፈተና ላይ ቢመጣ አስር ከአስር እናገኝ ነበር።

ከጋሳይ ወዲያ

ወረታ አደርን፣ በማግስቱ ደብረ ታቦር ገባን። ጥሩ ቀን ነበር። ዳገቱ ላይ ከእኔ ኋላ ቀርቶ ሲደርስ ቆሜ ጠብቄዋለሁ፣ ስቀልድበትም «አንተ ሞተር አለህ እንዴ?» ብሎ ስቆ አልፏል።

በሦስተኛው ቀን ከደብረ ታቦር በሁለት ሰዓት ተነሳን። እስከ ነፋስ መውጫ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ መንገድ ከወረታ እስከ ወልዲያ የሚሄደውና የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው፣ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ ስለሠሩት። የጉናን ተራራ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን፣ እያየ ይሄዳል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነስተው ወደ ጣና የሚወርዱ ናቸው። ጋሳይ ሻይ ጠጣን። እዚያ ላይ ጓደኛዬ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ የደከመው መሰለኝ።

ከጋሳይ ስንወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ተቀበለን። በበጋ ወራት በዚህ አገር የሚበዛው የምሥራቅ ነፋስ ነው፣ እኛ ደግሞ ወደ ምሥራቅ እየሄድን ነው። ከረፋድ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱም እየበረታ ይሄዳል። የከተማዋን ስም ያወጡ ሰዎች በከንቱ አላወጡትም።

የነፋስን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ነፋስ በሌለበት የሚገጥመው አየር 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ የሚገጥመው አየር 30 ይሆናል። የአየር ግፊያ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 30 ለ12 ሲካፈል 2.5፣ በራሱ ሲባዛ 6.25 እጥፍ። በሜዳ ላይ የማይታወቅ የነበረው አየር ግድግዳ ይሆናል። ብስክሌተኞች በውድድር አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተጠግተው የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኛው ይቀለዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን ጠንካራው ሰው ትቶ ሲሄድ ደካማውን ብቻውን ማስቀረቱ ብቻ አይደለም፣ የነፋስ መከላከያውንም ይዞበት ይሄዳል።

እኔ ግን «እዚህ ቆሜ ስጠብቅ በብርድ ልሞት ነው፣ ነፋስ መውጫ እንገናኝ» አልኩትና ሄድኩ። እሱም «እሺ፣ ሂድ» አለኝ።

ነፋስ መውጫ የደረስኩት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከመናኸሪያው አጠገብ ቆምኩ። አስራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልክ ብደውል ዝግ ነው። ፀሐይ ጠለቀች። አንድ ብር ኪሴ የለም፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም። አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ታቦር የመጣ አይሱዙ ሲቆም ሹፌሩን ጠየቅሁት። «አዎ፣ ብስክሌት የሚገፋ ልጅ ከጋሳይ ወዲህ አይቻለሁ። ጎማው የተነፈሰ ይመስለኛል» አለኝ። ፖምፓው ጀርባዬ ላይ ነበር።

ያን ሌሊት ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍም። ብስክሌቴን አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት ዘንድ አስቀምጬ ወደ ደብረ ታቦር የሚመለስ ሌላ መኪና ለመንኩ። ሹፌሩ የጓደኛዬን ነገር ሲሰማ ሒሳብ አልጠየቀኝም፣ ቀስ ብሎም ነዳልኝ። በግራ በኩል እሱ፣ በቀኝ እኔ፣ ጨለማውን እያየን ሄድን። ጅብ ያለበት አገር ነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከመንገዱ ዳር ኩራዝ አየን። ኩራዙ አጠገብ የጓደኛዬ ብስክሌት ቆማለች፣ አጠገቧም አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የዚህ ብስክሌት ባለቤት...» ስል ሳልጨርስ «ደኅና ነው፣ ውስጥ ነው፣ እሳት ዳር። አንተ ነህ ጓደኛው?» አሉኝ። ብስክሌቱን ውጭ ያቆሙት ሆን ብለው ነው። «ጓደኛ ካለው ሊፈልገው ይመጣል፣ ይህቺን ካላየ ያልፈናል» ብለው፣ እንዳትሰረቅም ራሳቸው ተቀምጠው ሲጠብቁ ቆይተዋል።

ጓደኛዬ ምድጃ አጠገብ ተጋድሟል፣ ደረቱ ሲያፏጭ ከበር ይሰማል። የሽማግሌው ባለቤት አጥሚት በኩባያ ይዘው «እስቲ ይቺን ፉት በል የኔ ልጅ» ይሉታል። ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። ትንሽ ቆይተው ሽማግሌው ገቡና «ልጄ፣ ስትነሱ ማን ፊት ማን ኋላ ይሆናል ብላችሁ አልተማከራችሁም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እኛ በቅሎ ጭነን ስንነግድ የደከመችዋን ነው ፊት የምናስቀድም። ብርቱዋ እንደሁ የትም አትቀርም።»

ሁለተኛው ዕቅድ

በማግስቱ በመኪና ደብረ ታቦር ተመልሰን ሐኪም አየው፣ ፓፍ ተሰጠው። ሐኪሙ መጓዝን ጨርሶ አልከለከለውም። ነገር ግን ከመንዳቱ ሩብ ሰዓት ያህል በፊት ፓፉን እንዲወስድ፣ አፍና አፍንጫውን በፎጣ እንዲሸፍን፣ ቀስ ብሎ ሰውነቱን እንዲያሞቅ፣ ደረቱ ከጠበበው ደግሞ ያለ ምንም ክርክር እንዲያቆም አዘዘው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ ሁኔታ አለውና ይህን ከእኔ ጽሑፍ ላይ አንብባችሁ ሳይሆን ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ አድርጉት።

ሦስት ቀን አረፍን። እኔ ጉዞው አበቃ ብዬ ነበር፣ ይቅርታም ጠይቄው ነበር። እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ «ወረቀትና እስክርቢቶ አምጣ» አለኝ። ያ ማታ ነው እውነተኛው ዕቅድ የተጻፈው። የፊተኛው ዕቅዳችን አራት ገጽ ነበር፣ ይህ ግማሽ ገጽ።

መጀመሪያ የጻፈው «እኔ ፊት» የሚል ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ፊት ያለው ነው፣ ስለዚህ ቀርፋፋው ፊት ይሆናል። ነፋስ ሲመጣ ብቻ እኔ እቀድማለሁ፣ እሱም ከጎማዬ ሁለት ክንድ ሳይርቅ ይከተለኛል፤ ከራቀ ይጠራኛል። አንዱ ሌላውን ከዓይኑ አያጠፋም። መሣሪያው ለሁለት ተከፈለ፣ ገንዘቡም። ጭነቱን 7 ኪሎ ያህል ወደ እኔ አዛወርን፤ ያን ስሌት የሠራሁት ያኔ ነው፣ በመጀመሪያ ጊዜ። «ይብቃን» የማለት መብት የሁለታችንም ሆነ፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ ጥቅሙም ይህ ነው። ምክንያት የሚጠየቅ ከሆነ ሰው ያፍርና ዝም ይላል፣ እሱ ጋሳይ ላይ ሻይ እየጠጣ ዝም እንዳለው።

የመነሻ ሰዓት ላይ ግን ተከራከርን። ነፋሱ ማለዳ ደካማ ነውና እኔ በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንነሳ አልኩ። እሱ ደግሞ የማለዳው ውርጭ ደረቱን እንደሚጎዳው ተናገረ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። የነፋሱ ሰዓትና የደረቱ ሰዓት አይገጥሙም። መጨረሻ ላይ ያገኘነው መፍትሔ ርቀቱን ለሁለት መክፈል ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ነፋሱ ሳይበረታ የምንደርስበት ድረስ ብቻ ሄደን ማደር። የት እንደምናድር ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብንም። ሽማግሌው ቤት በስኳርና በቡና ሄድን። ባለቤታቸው ጓደኛዬን ሲያዩ እልል አሉ።

ስለ እንግድነት ሁለት ቃል ልጨምር። በገጠሩ «መሽቶብን ነው፣ የእግዜር እንግዳ ነን» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው የሚመልስ ቤት ጥቂት ነው። ይህን ግን እንደ ሆቴል ቆጥራችሁ ዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡት። ያ ቤት ለራሱ የሚበላው ስንት እንደሆነ አታውቁም። እኛ ስንቃችንን ለይተን ያዝን፣ ስንሄድም ሳንጎዳ ለመሄድ ሞከርን። መንደር ስታልፉ ከብስክሌት ወርዳችሁ ሰላምታ ስጡ። ልጆች ከኋላ ሲሮጡና ድንጋይ ሲያነሱ ብዙ ብስክሌተኛ ያማርራል፤ ቆማችሁ «እንደምን ዋላችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ የት ነው?» ስትሉ ግን ያው ልጆች ዳገቱን ይገፉላችኋል። እኛ ላይ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም፣ ለነገሩ የአገሩ ልጆች ስለሆንንም ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ሌሎች ተጓዦች። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ ተነስቶ እስከ ኬፕታውን የሚጓዘው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ በአገራችን ያልፍ በነበረበት ጊዜ ብዙዎቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። የነሱን ጓዝ መኪና ይሸከምላቸዋል፣ እኛን የሚመስሉ አይደሉም። ለእኛ የሚቀርበው ደርቭላ መርፊ የተባለችው የአየርላንድ ጸሐፊ ናት። ይህች ሴት በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ ተነስታ እስከ ሕንድ በብስክሌት ሄዳለች። በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ነው የያዘች፣ ከምጽዋ ተነስታም የሰሜኑን ደጋ አቋርጣ አዲስ አበባ ገብታለች። ብስክሌት ላይ ያን ያህል ልምድ ያላት ሰው መሬቱን አይታ ጓደኛዋን መረጠች። ጓደኛ መሬቱን አይቶ መመረጥ እንዳለበት ከሷ መማር ይቻላል፤ እኔ ጓደኛዬን መርጬ ነበር፣ መሬቱን ግን ከሱ ደረት ጋር አላየሁትም።

በሁለተኛው ቀን ነፋስ መውጫ ገባን፣ በስምንት ሰዓት። እኔ ከቀድሞው ይልቅ ዘገየሁ፣ ግን አንድ ጊዜም ቆሜ አልጠበቅሁም። ብስክሌቴን ያስቀመጥኩባቸው ሻይ ሻጭ እናት ጓደኛዬን ሲያዩ «ያ የጠፋው ልጅ ነው?» አሉና ሻይ በነፃ ቀዱለት፣ የኔን ግን አስከፈሉኝ። በማግስቱ ወደ አርብ ገበያ የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ያዝን። ቁልቁለቱ ላይ እሱ ከእኔ ይፈጥናል፤ እኔ ቁልቁለት እፈራለሁ። ስለዚህ ውሉ «ደካማው ፊት» ስለሚል እዚያ ላይ ፊት የሆንኩት እኔ ነኝ። ይህን ሲያስታውሰኝ ምን ያህል ደስ እንዳለው!

ወገዳ የደረስነው ከአርብ ገበያ አንድ ቀን አድረን ነው። እናቴ ደጅ ወጥታ ሁለታችንን ሳመችና ወሬውን ከሰማች በኋላ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ «ልጄ፣ እንዴት ከእሱ ጋር ሁለተኛ ወጣህ?» አለችው። እሱም «እማማ፣ አሁን ኋላ ሆኖ መሄድ ተምሯል» አላት።

ከወገዳ ወደ እስቴ ያለውን ግን ሳንሄድ ቀረን። ለማረፍና ለመታከም ስድስት ቀን ስለሄደብን የምዝገባ ቀን ደረሰ፣ ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ተመለስን። አባቱ መካነ ኢየሱስ ላይ በግ ገዝተው ሲጠብቁን እንደነበር በኋላ ሰማን። ጓደኛዬ ዛሬ እዚያው እስቴ መምህር ነው። ያን ግማሽ ገጽ ወረቀት እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ፣ ጥያቄውን ላመጡልኝ ሁለት ተማሪዎችም ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ። ፖምፓው ግን እሱ ዘንድ ነው ያለው። በስልክ በተገናኘን ቁጥር «መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥተህ ትወስደዋለህ፣ የቀረን የወገዳ እስቴዋ ብቻ ናት» ይለኛል።